ነብሩ ቢጾምም ከብቱ ይጠበቃል

ትርፍ ጊዜ የሚባለው ሰው ለእንጀራው ከሚደክምበትና ለሰውነቱ ከሚተኛበት ሰዓት ተርፎ በእጁ የሚቀር፣ ማንም የማይከፍልበትና ማንም የማይቆጣጠረው የቀን ክፍል ነው። በከተማ መሥሪያ ቤቶች ይህ ክፍል ከሥራ ሰዓት ጋር ተደባልቆ ስለሚኖር ለይቶ ለማጥናት አስቸጋሪ ሲሆን፣ በላንቴ ግን ወሰኑ በግልጽ ይታያል። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በጋሞ ደጋ ግርጌና በአባያ ሐይቅ መካከል በተዘረጋው ሞቃት ሜዳ የምትገኝ የሙዝ አገር ናት፤ መንገደኛ የሚያውቃት በመንገድ ዳር በተደረደረው ሙዝና ማንጎ ሲሆን፣ ነዋሪዋ ግን የሚያውቃት በመጠበቅ ነው። የመስኖ ውሃ በቦይ ተመርቶ ለየማሳው የሚደርሰው በተራ ስለሆነ ገበሬው ወይም ልጁ አካፋውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል፤ ሙዝ ተተክሎ ፍሬው ለገበያ እስኪበቃ አንድ ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ ወቅቱን ይጠብቃል፤ የተጫነው አይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ደላላው ሒሳቡን እስኪልክ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ግን በእርሻ ሳይንስ ገና አልተወሰነም።

በዚህ ሁሉ መጠበቅ መካከል የሚገኘው ክፍተት ቀድሞ በጨዋታ፣ በእንቅልፍና በእጅ ሥራ ይሞላ ነበር። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ጉዳዩ የጥቂት የአዲስ አበባ ቢሮዎች ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባለፉት ዓመታት ግን በኪስ ተይዞ እስከ ማንጎው ጥላ ድረስ ወርዶ ክፍተቱን ጠቅላላውን ተረክቦታል። ስለዚህ ርክክብ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስልክን በመውቀስ ይጀምርና ወጣቱን በመገሠጽ ያበቃል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ግን ከዚያ ጠበብ ያለ ነው፤ ይኸውም ወሬን መመዘን የሚችለው በእጁ የሚሠራው ወይም የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ነው፣ እጁ ባዶ የሆነውን ግን ወሬው ራሱ ይመዝነዋል የሚል ነው።

በማንጎው ጥላ ሥር የሚገኙትን የስልክ ተመልካቾች ለጥናት እንዲያመች በአራት ወገን መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ጠራጊ ሊባል የሚችለው ሲሆን፣ አውራ ጣቱን ከታች ወደ ላይ እያንቀሳቀሰ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ ምን እንዳየ ቢጠየቅ «ምንም» ብሎ የሚመልስ፣ መልሱም ፍጹም ትክክል የሆነ ሰው ነው። ሁለተኛው አከማቺ ነው፤ እርሱ ያገኘውን ትምህርት፣ ስብከት፣ የምግብ አሠራርና የሥራ ማስታወቂያ ሁሉ በኋላ ለማንበብ ያስቀምጣል፤ ስልኩ «ቦታ ሞልቷል» ባለው ጊዜም ቦታ ለማግኘት ሲል የአያቱን ፎቶግራፍ ይሰርዛል፤ ያስቀመጠውን ግን አያነብም፣ አይሰርዝምም። ሦስተኛው አስተላላፊ ሲሆን፣ የደረሰውን መልእክት ለማንበብ የሚወስደው ጊዜ ለማስተላለፍ ከሚወስደው ጊዜ ስለሚበልጥበት ሁለተኛውን ብቻ የሚፈጽም፣ ስለ እውነትነቱም ሲጠየቅ «እኔም የተላከልኝ ነው» በማለት ከኃላፊነት ነፃ የሚወጣ ነው።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከበረው ሊቁ ነው። ሊቁ በኤኳዶርና በፊሊፒንስ ሙዝ እንዴት እንደሚተከል፣ እንዴት በፕላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ እንደሚያድግ፣ እንዴት ታጥቦና ተለጥፎበት መርከብ ላይ እንደሚጫን ጠንቅቆ ያውቃል። ሙዝ አንድ ጊዜ አፍርቶ የሚቆረጥ ተክል ስለሆነ ከእናቲቱ ግንድ ሥር የሚበቅሉት ልጆች ሁሉ እንዲያድጉ ከተተዉ ምግቡን ተሻምተው ፍሬውን እንደሚያቀጭጩ፣ ስለዚህም ጥቂቶች ብቻ ተመርጠው ሌሎቹ መወገድ እንዳለባቸው በሦስት ቋንቋ የተዘጋጀ ማብራሪያ ተመልክቷል፤ በራሱ ማሳ ያሉት ልጆች ግን ለመቁጠር እስኪያስቸግሩ ድረስ በዝተዋል። አባቱ ከቦዩ ዳር «ልጄ፣ ውሃው ገብቷል፣ ድረስ!» ብለው ሲጣሩ፣ «አባባ፣ ስለ ውሃ አጠቃቀም የሚያስረዳውን ልጨርስና እመጣለሁ» ይላል። ማብራሪያው ሲያልቅ ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ዞሯል፤ ጎረቤትየውም ስለ ውሃ አጠቃቀም ምንም ያልተመለከተ ሰው ነው።

አራቱንም ወገኖች የሚያስተባብራቸው ጥቅል የሚባለው ነገር ነው። ጥቅል ማለት ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር እንዲያገለግል በቅድሚያ የሚገዛ የኢንተርኔት መጠን ሲሆን፣ ቀኑ ካለፈ ሳይሠራበት የቀረው ከገዢው እጅ ይወጣል፣ በተለመደው አነጋገርም ይቃጠላል። በዚህም ምክንያት በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ እምብዛም ያልታየ ዓይነት ቁጠባ ተፈጥሯል፤ ሰው ገንዘቡ እንዳይባክን ሲል ጊዜውን ያባክናል። ሙዙ ሳይበስል እንዳይዘገይበት ከሚጨነቀው ይልቅ ጥቅሉ ሳያልቅ እንዳይነጋበት የሚጨነቅ፣ የሌሊቱ ጥቅል ርካሽ በመሆኑም እንቅልፉን መርቆ የሚገዛው ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የላንቴ ሰው ከሌላው በተለየ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን መሣሪያው እንዲህ እንዲያደርግ ታስቦ ስለተሠራ ነው። ድረ ገጽ በመጀመሪያ ዘመኑ እንደ መጽሐፍ ሁሉ ማብቂያ የነበረው ሲሆን፣ ገጹ ሲያልቅ አንባቢው ቀጣዩን ለመክፈት ወይም ለመተው ራሱ ይወስን ነበር። አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ በ2006 እ.ኤ.አ. የቀረጸው ማለቂያ የሌለው ገጽ ግን፣ ተመልካቹ ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር ከታች አዲስ ነገር እየጨመረ ይህችን ትንሽ የውሳኔ ቅጽበት አጠፋት፤ ራስኪንም በኋላ በሥራው እንደተጸጸተ በአደባባይ ተናግሯል። በ1978 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ያገኘው ሄርበርት ሳይመን ደግሞ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ መረጃ የሚበላው የተቀባዩን ትኩረት ስለሆነ የመረጃ መትረፍረፍ የትኩረት ድህነትን እንደሚወልድ አስረድቶ ነበር። ሳይመን ይህን የተናገረው ኮምፒዩተር ክፍል በሚሞላበት ዘመን ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ለማየት ብዙዎች ከእርሱ የተሻለ ዕድል አግኝተዋል።

ስለ ድረ ገጽ አጠቃቀም የሚያጠናው ጃኮብ ኒልሰን በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ በኢንተርኔት ከሚሰባሰቡ ሰዎች መካከል ከመቶ 90 ያህሉ ተመልካቾች ብቻ ሲሆኑ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ጥቂት ያዋጣሉ፣ አብዛኛውን ነገር የሚያቀርበው ግን ቀሪው 1 ነው። ይህ ስሌት ትክክለኛ ቆጠራ ሳይሆን ግምታዊ መለኪያ ነው፤ ሆኖም ትርጉሙ የሚገባው ወደ ድግስ ቤት ሲዛወር ነው። መቶ ሰው በተጠራበት ድግስ 90ው በልቶ የሚሄድ፣ 9ኙ አንዳንዴ እንጨት የሚያቀብል፣ ወጡንም እንጀራውንም ጠላውንም የምታዘጋጀው አንዲት ሴት ብቻ ብትሆን፣ ነገሩ ለአንድ ቀን እንኳ የሚያስኬድ ባልሆነ ነበር፤ ወጧ ቢያርባትም ለትችት አፉን የሚከፍተው ያ 90ው ነው።

ከላንቴ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ለሚመለከት ከሜዳው በላይ የጋሞ ደጋ ይታያል፤ በዚያ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ጨንቻና ዶርዜ ይገኛሉ። ዶርዜ በኢትዮጵያ ሁሉ በሽመናው የታወቀ ሲሆን፣ በዚያ የሥራ ክፍፍል መሠረት ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ጥጡ ፍሬው እንዲወጣ ይዳመጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ባዘቶውም በእንዝርት እየሾረ ወደ ፈትል ይለወጣል። ለዚህ ጽሑፍ ትልቁ ቁም ነገር ይህ መፍተል የሚባለው ሥራ የሚጠይቀው እጅን ብቻ መሆኑ ነው። እንዝርቷን የምታሾር ሴት አፏም ጆሮዋም ነፃ ስለሆኑ ከጎረቤቷ ጋር ትጫወታለች፣ ልጅ ትቆጣለች፣ መንገደኛን ከነዘመዶቹ ሰላም ትላለች፣ በመጨረሻም ከወሬው በተጨማሪ አንድ ልቃቂት ይዛ ትነሣለች። ስልክ ግን ዓይንን፣ ጆሮንና እጅን በአንድ ጊዜ ወስዶ ለባለቤቱ የሚተውለት የአንገት ሕመም ነው።

የሸማኔውም ነገር እንዲሁ ነው። ሸማኔ ከተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ በየተራ እየረገጠ፣ ድሩን ማለትም በቁመት የተወጠረውን ፈትል ይከፍታል፤ በተከፈተውም መካከል መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ እያሳለፈ ማጉን ማለትም አግድሙን ፈትል ያስገባል። ድሩ የተበጠሰ እንደሆነ ሥራው ይቆማል። ሸማኔው ድሩን ሊከራከረው፣ ሊያግደው ወይም ሌላ ድር ፍለጋ ወደ ላይ ሊጠርግ አይችልም፤ ያለው አማራጭ ጎንበስ ብሎ መቀጠል ብቻ ነው። በእጅ የሚሠራ ነገር ከሚታይ ነገር የሚለየው በዚህ ነው፤ የሚሠራው ነገር እምቢ ይላል፣ የሚታየው ግን ፈጽሞ እምቢ አይልም። ከስህተቱ ጋር በየቀኑ ፊት ለፊት የሚገናኝ ሸማኔ ስለ ራሱ ችሎታ ያለው ግምት ከእውነቱ ብዙም አይርቅም፤ አንድ ሺህ የሽመና ቪዲዮ ያየ ሊቅ ግን ድር አንድ ጊዜም ተበጥሶበት ስለማያውቅ ራሱን ከሸማኔው ይበልጥ የተካነ አድርጎ ቢቆጥር የሚያስተባብለው ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ እምቢታ የሚበልጠው የዶርዜ ቤት እምቢታ ነው። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የሚታታው ይህ ረጅም ቤት ከነመውጫው ሲታይ የዝሆን ፊት እንደሚመስል የጎበኘው ሁሉ ይናገራል። ምስጥ ከመሬት የነካውን ጫፉን ስለሚበላው ባለቤቱ የተበላውን ከሥር እየቆረጠ ያስተካክለዋል፤ በዚህም የተነሣ ቤቱ በየዘመኑ እያጠረ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለግላል። አስፈላጊ ከሆነም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ይህን ቤት የሠራ ሰው አልቋል ብሎ የሚተወው ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ጎረቤቱንም ቢያስቀይም ቤቱን የሚሸከምለት እንደማያገኝ ስለሚያውቅ በአስተያየት መስጫ ላይ ከሚሳደቡት መካከል ለመገኘት ብዙ ያመነታል።

ስለ መረጃ አመዛዘን ከተጻፉት ምሳሌዎች መካከል ከሁሉም የሚያስደስተው የተገኘውም ከዚሁ ከዶርዜ ነው። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት፣ ማለትም የአንድን ሕዝብ አኗኗር አብሮ እየኖረ የሚያጠና ምሁር፣ በዶርዜ ቆይቶ ያየውን መነሻ አድርጎ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ተምሳሌት ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንስሳ ነው ይላሉ፤ ክርስቲያንም በመሆኑ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ጾም ያከብራል፣ ረቡዕና ዓርብንም ይጾማል። ነገር ግን ይህን የሚናገረው ዶርዜ በረቡዕም ሆነ በዓርብ ከብቱን ከመጠበቅ አይቦዝንም። ስፐርበርን ያስገረመው ሁለቱ ነገሮች ያለ አንዳች ጠብ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው መኖራቸው ሲሆን፣ ያቀረበው ማብራሪያም ሰው አንዳንዱን አባባል በጥቅስ ምልክት ውስጥ እንዳለ አድርጎ፣ ለውርሱና ለውበቱ ሲል ይቀበለዋል፣ ስለ እንስሳት ካለው ተግባራዊ ዕውቀት ጋር ግን አያደባልቀውም የሚል ነው።

የነብሩ ጾም ዛሬ በቴሌግራም ቢለቀቅ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ጠራጊው ያልፈዋል፣ አከማቺው ለዐቢይ ጾም ያስቀምጠዋል፣ አስተላላፊው «ነብር መጾሙ ተረጋገጠ፣ ሼር አድርጉ» የሚል ርእስ ጨምሮ ያሰራጨዋል፣ ሊቁም የነብርን የጾም ምግብ ዝርዝር ከእነጥቅሙ ይተነትናል፤ በማግስቱ ነብር ይጾማል የሚሉና አይጾምም የሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍለው እርስ በርሳቸው ይዘላለፋሉ። ከብት ያለው ሰው ግን ወሬውን አድምጦ፣ ምናልባትም ፈገግ ብሎ፣ ዱላውን ይዞ ወደ መስኩ ይወጣል። ይህን ጥንቃቄ ያስተማረው ስለ መረጃ አጣራር የተሰጠ ሥልጠና አይደለም፤ ያስተማረው ከብቱ ነው። የሚጠፋበት ነገር ያለው ሰው ወሬውን ማመን ወይም መካድ ሳያስፈልገው እንኳ በአግባቡ ቦታውን ያስይዘዋል።

ይህ ጥንቃቄ የግለሰብ ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብም ሊሆን እንደሚችል የሚያሳየው ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ በጋሞ ምድር ሽማግሌዎችና ነዋሪዎች ተሰብስበው ስለ ጋራ ጉዳይ የሚመክሩበት የአደባባይ ሸንጎ ሲሆን፣ ከላንቴ በላይ በተራራው ላይ የምትገኘውን ኦቾሎን ያጠናው ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የተመሠረተው በእነዚህ ሸንጎዎች ላይ ነው። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል፣ ተናጋሪው ተነሥቶ በተራው ይናገራል፣ ነገሩም ስምምነት ላይ እስኪደርስ ድረስ ይመከርበታል። ከስልኩ አደባባይ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ሁለት ነው። በዱቡሻ የሚናገር ሰው ፊቱ ይታያል፣ ነገም በዚያው መንገድ ያልፋል፤ ከዚህ በላይ ደግሞ በዱቡሻ ወሬ ተሰምቶ አይበተንም፣ ወደ ውሳኔ፣ ወደ ዕርቅ ወይም ወደ ሥራ ተለውጦ ይወጣል። ወሬ እንዲሁ ጥሬ ዕቃ ነው፤ የዱቡሻ ሰውም ጥሬውን የሚበላ ሳይሆን የሚያበስል ነው።

ይህ አባባል ከቀልድ ያለፈ ክብደት ያገኘው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ተገድለውና ተፈናቅለው፣ ወሬውና ምስሉ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ፣ በቁጣ ለበቀል የወጡ ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ስለሆነ ወጣቶቹ ቆሙ፣ ጥፋቱም ቀረ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመጣው ወሬ ሐሰት እንዳልነበረ ነው፤ ሐዘኑ እውነተኛ፣ ቁጣውም ምክንያት ያለው ነበር። ስለዚህ እውነትን ከሐሰት መለየት ብቻ በቂ አይደለም ማለት ነው፤ እውነተኛውም መረጃ ቢሆን ከእርሱ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። ሽማግሌዎቹ ያን ዕለት የሠሩት ነገር ሰላም ነው፣ ለዚያም ሥራ የተጠቀሙበት መሣሪያ ከመንገድ ዳር የተነጨ ሣር ነበር።

ይህ ክርክር ግን ሳይፈተን ቢታለፍ የሰነፍ ውዳሴ ይሆናል፤ እጅ ሥራ ሁሉ ዕረፍት አይደለምና። ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ፣ በተለይም ወደ ሽሮ ሜዳና አካባቢው ተወስደው በሽመና ጉልበታቸው ስለተበዘበዘ ሕፃናት የሕፃናት መብት ተቆርቋሪዎች ለብዙ ዓመታት ጮኸዋል፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ጥበቡ የፈጠራ ደስታ ነው ብሎ መስበክ ግፍ ላይ ግፍ መጨመር ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል በ1932 እ.ኤ.አ. ሥራ ፈትነትን አወድሶ በጻፈው ድርሰት የከተማ ሰው መዝናኛ ሁሉ ሲኒማ እንደ ማየት፣ ኳስ እንደ መመልከትና ሬዲዮ እንደ ማዳመጥ ያለ ተመልካችነት የሆነበት ምክንያት ጉልበቱ በሥራ ስለሚያልቅ ነው ብሏል፤ ያቀረበውም መፍትሔ የሥራ ሰዓት በቀን ወደ 4 ሰዓት እንዲወርድ ነበር። በላንቴ ፀሐይ ሙዝ ሲጭን የዋለ ሰው ማታ አንድ የሚያስቅ ቪዲዮ አይቶ ቢስቅ፣ ሳቁ የመዝናናት መብቱ እንጂ የሥነ ምግባር ጉድለት አይደለም። ለእርሱ የረስልን ድርሰት ከማንበብ ይልቅ ያን ቪዲዮ ማየት ሳይሻለው አይቀርም።

ሌላው ፈተና ደግሞ ለመታየት ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። አንዳንድ ሰው ከተመልካችነት ለመውጣት ሲወስን የመጀመሪያ ተግባሩ ስልኩን የሚያቆምበት መደገፊያ መግዛት ይሆናል፤ ከዚያም እንዝርት ይዞ ሲፈትል ራሱን ይቀርጻል፣ እንዝርቱ ሲወድቅ ቀረጻውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ቀኑ ሲያልቅም ሦስት ደቂቃ ቪዲዮና አንድ ስንዝር ፈትል ይኖረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ጨርሶ መንቀፍም አይገባም፤ ቪዲዮውን ማዘጋጀት ራሱ ሥራ ነው፣ ጋቢንና ዱንጉዛ የተባለውን ባለቀለም የጋሞ ሽመና በስልክ እየሸጡ የሚኖሩ ባለሙያዎችም አሉ። መለያው መሣሪያው ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ ሰውየው ያንን ነገር ማንም ባያይለትም ይሠራው ነበር ወይ የሚለው ነው። በዚህ መለያ መሠረት ከስልክ ጋር የሚውል ሁሉ ተመልካች አይደለም፣ ከሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ የተቀመጠ ሁሉም ሸማኔ አይደለም።

ትርፍ ጊዜውን ሠሪ ሆኖ ለማሳለፍ የሚፈልግ የላንቴ ሰው የሚሠራው ነገር አጥቶ ሊቸገር አይችልም። ከደብተር አንድ ቅጠል ላይ ሙዙን የተከለበትን ቀን፣ ውሃ የደረሰውን ቀን፣ የተቆረጠውን ዘለላና የተሸጠበትን ዋጋ ቢመዘግብ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከደላላው ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ይለወጣል። ከአያቱ የሰማውን የጋሞ ተረትና ምሳሌ በጋሞኛ ቢጽፍ ወይም ድምፃቸውን ቢቀዳ፣ ስልኩን ከነቦታው ለትክክለኛ ጉዳይ አዋለው ማለት ነው። ለጽሑፍ የሚደፍር ከሆነ ደግሞ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ሰው የሚነገረው አማርኛ በውክፔዲያ፣ ማለትም ማንም ሰው በፈቃዱ በሚጽፍበትና በሚያርመው የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፔዲያ፣ ያሉት መጣጥፎች ወደ 15 ሺህ ገደማ ብቻ ስለሆኑ ሥራ ፈልጎ የሚያጣበት ምክንያት የለም። መጣጥፍ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ጥቅል አንድ የሠርግ ቪዲዮ ለማየት ከሚያስፈልገው ያነሰ መሆኑም ለቆጣቢው ሰው ሊነገረው ይገባል።

ሆኖም ስልኩን ከእጅ መንጠቅ ብቻውን ሠሪ እንደማያደርግ የአገሪቱ የቅርብ ታሪክ ያሳያል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ታግደው በቆዩ ጊዜ፣ የዕረፍት ሰዓቱ በድንገት የተለቀቀለት ሕዝብ ወደ እንዝርቱና ወደ መጥረቢያው ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ቢኖር ተሳስቷል። ብዙዎች በዚያ ወቅት የተማሩት አዲስ ሙያ ቪፒኤን፣ ማለትም እገዳን በሌላ አገር በኩል ዞሮ የሚያልፍ ፕሮግራም፣ መጫን ነበር፤ እገዳው ሲነሣም ሙያው ተረሳ። ከውጭ የሚመጣ ክልከላ ጊዜን ባዶ ያደርጋል እንጂ አይሞላም፤ የሚሞላው ከውስጥ የተነሣ ፍላጎት ነው፣ ፍላጎቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አንድ ነገር ተሞክሮ ሲበላሽ ነው።

ስለዚህ ከመከልከል የሚሻለው ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፤ አስቀድሞ ጥቂት ሠርቶ፣ ከዚያ በኋላ ማየት። በርጩማ ለመሥራት ሞክሮ እግሩ ያልተስተካከለለት ሰው ስለ እንጨት ሥራ የሚያስረዳውን ቪዲዮ ሲከፍት ጥያቄ ይዞ ይገባል፣ መልሱን ሲያገኝም ይወጣል፤ ያልሞከረ ሰው ግን ጥያቄ ስለሌለው መውጫም የለውም። ከሠራ በኋላ የሚያይ ሰው ፈልጎ ያያል፤ ሳይሠራ የሚያይ ግን የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። የሚሠራው ነገር ጥሩ መሆን የለበትም፤ ያዘነበለ በርጩማ ላይም ይቀመጡበታል፣ ጥለቱ የተጣመመ ጋቢም በጨንቻ ብርድ ላይ ልዩነት አያደርግም።

በዚህ መንገድ የሚተርፈው ትልቁ ሰው ሊቁ ራሱ ነው፤ ከአራቱ ወገኖች መካከል ለመዳን የቀረበው እርሱ ነውና። ከኤኳዶር የተማረውን በማሳው ጥግ በአንዲት ግንድ ላይ ብቻ ቢሞክረው፣ ሙከራው ቢሳካም ባይሳካም፣ ያ ዘዴ በላንቴ አፈርና በላንቴ ፀሐይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይሆናል፤ ይህም በኤኳዶር ያለ ማንም ባለሙያ ሊነግረው የማይችለው ዕውቀት ነው። ያን ጽፎ ወይም ቀርጾ ካወጣው ከ90ዎቹ ወጥቶ ወደ 1ዱ ተሻገረ ማለት ነው፤ ከባሕር ማዶም በሙዝ ጥላ ሥር የተቀመጠ አንድ አስተላላፊ የላንቴውን ማብራሪያ ሳያየው ለመቶ ሰው ሊልከው ይችላል። ይህ ግን የኤኳዶር ችግር ነው።